የመከላከያ ልብስ ማውለቅ፦ ጥያቄዬና የተሰጡኝ መልሶች

የመክፈቻ ጽሑፍ

ኢንፌክሽንን በመከላከልና በመቆጣጠር ሥራ ላይ የምገኝ ነርስ ነኝ። ለሙያ ባልደረቦቼ ያቀረብኩት ጥያቄ የሚከተለው ነበር። ተላላፊ በሽታ በተከሰተ ቁጥር ለጤና ባለሙያዎች በሚሰጠው ሥልጠና ውስጥ አብዛኛው ሰዓት የሚውለው የመከላከያ ልብሱን በመልበስ ላይ ነው፤ ማውለቁ ግን ሠልጣኙ ከደከመ በኋላ አንድ ጊዜ ታይቶ ይታለፋል። ልብሱ ሲለበስ ንጹሕ ነው፤ ሲወልቅ ግን የታማሚው ደም፣ ትውከት ወይም አክታ በላዩ ላይ ሊኖር ይችላል። ለባሹም በዚያ ሰዓት ደክሟል፣ ላብ አጥምቆታል፣ መነጽሩ በእንፋሎት ተሸፍኗል፣ ልቡም ቀድሞት ወደ ውጭ ወጥቷል። ሰው ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ በሚያሻው ሰዓት የመጠንቀቅ ዐቅሙ ከሁሉ ባነሰበት ሁኔታ ላይ ይገኛል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሠራተኛ ሲያወልቅ ርቀቱን ጠብቆ፣ ቅደም ተከተሉን ድምፁን ከፍ አድርጎ እያነበበ የሚመለከተው ሌላ ሰው ሊኖር ይገባል የሚል እምነት አለኝ። በየተቋማችሁ እንዲህ ያለ ተመልካች አለ ወይ፤ ካለስ የሚያወልቀውን ሰው፣ ሐኪምም ይሁን የክፍል ኃላፊ፣ በመሐል የማስቆም ሥልጣን አለው ወይ ብዬ ጠየቅሁ። የመጡትን መልሶች በተራ ቁጥራቸው፣ በራሴ አገላለጽ፣ ከዚህ በታች አሰፍራለሁ።

መልስ 1

የመጀመሪያው መላሽ ጥያቄውን አመስግነው፣ በእሳቸው ተቋም ተመልካች የሚባል ሰው እንደሌለ፣ በምትኩ ግን በማውለቂያው ክፍል ግድግዳ ላይ ቅደም ተከተሉን የሚያሳይ ሥዕላዊ መግለጫ እንደተለጠፈ ገለጹ። ስጋቴን የሚደግፍ ጥናትም ጠቀሱ። በ2015 እ.ኤ.አ. በታተመው በዚህ ጥናት የጤና ሠራተኞች በአልትራቫዮሌት ብርሃን ሲታይ የሚያበራ ቅባት የነካው ጓንትና ጋውን እንዲያወልቁ ተደርጎ፣ ከ435 የማውለቅ ሙከራዎች ውስጥ በ200ዎቹ፣ ማለትም በ46 በመቶው፣ ቅባቱ በቆዳቸው ወይም በልብሳቸው ላይ ተገኝቷል። እነዚህ ሰዎች ጓንት ማውለቅ የዘወትር ሥራቸው የሆነ ባለሙያዎች እንደነበሩ ልብ ይሏል።

መልስ 2

ሁለተኛዋ መላሽ በጥናቱ ከተስማሙ በኋላ የግድግዳውን ሥዕል በተመለከተ የመልስ 1 ጸሐፊን በትሕትና አረሙ። መነጽሩ በእንፋሎት የተሸፈነ ሰው ግድግዳ ላይ ያለ ጽሑፍ ማንበብ አይችልም፤ ለማንበብ ሲልም ወደ ግድግዳው ይጠጋል፣ በተበከለ ጓንት መነጽሩን ይነካካል። ማንበብ ያለበት ያልለበሰው ሰው ነው፤ የለበሰው ሰው የሚቀርለት መስማትና የተባለውን ማድረግ ብቻ ነው። የማስታወሱ ሸክም ከደከመው ሰው ትከሻ ወርዶ ወደ ሌላው መሻገር አለበት ሲሉም አከሉ። እኔም በመክፈቻዬ ለመናገር የፈለግሁትን እሳቸው ከእኔ አጥርተው እንደተናገሩት ጻፍኩላቸው።

መልስ 3

ይህ ከሁሉም ረጅሙና ደጋግሜ ያነበብኩት መልስ ነው። ጸሐፊው በ2014 እ.ኤ.አ. በምዕራብ አፍሪካ ኢቦላ በተዛመተበት ወቅት በአንድ ማከሚያ ማእከል ውስጥ ያገለገሉ ነርስ ናቸው። ከራስ እስከ እግር የሚሸፍነውን ቱታ፣ በላዩ ውኃ የማያስገባውን ሽርጥ፣ ድርብ ጓንትና ቦት ጫማ አድርገው በሙቀቱ ውስጥ ከአንድ ሰዓት በላይ መቆየት እንደማይፈቀድላቸው፣ ወደ ታማሚዎቹ የሚገቡትም ሁልጊዜ ጥንድ ጥንድ ሆነው እንደነበር ተረኩ። ሰዓቱ የሚቆጠረው በገባው ሰው ስሜት አልነበረም፤ ውጭ ያለ ሰው ሰዓት ይይዛል፣ ሰዓቱ ሲሞላም ሥራው ቢያልቅም ባያልቅም ይጠራቸዋል። ሕፃን እያቃሰተ ጥሎ መውጣት ምን ያህል እንደሚከብድ ጽፈው፣ ነገር ግን ሰዓቱን አሳልፎ የቆየ ሰው የሚያወልቀው እግሩ እየተብረከረከ እንደሆነና ያም ሰው በማግስቱ ለዚያው ሕፃን ሊመለስ የሚችለው ጤነኛ ከሆነ ብቻ እንደሆነ አስረዱ።

በማውለቂያው ቦታ አንድ ሰው በአጥሩ ማዶ ቆሞ እያንዳንዱን እርምጃ በስም ይጠራላቸው ነበር፤ ከእያንዳንዱ እርምጃ በኋላም ጓንት ያለበትን እጅ በክሎሪን ውኃ ማጠብ ግዴታ ነበር። አንድ ቀን የሥራ ጓደኛቸው ላብ ዓይኑን ሲያቃጥለው እጁን ሳያስበው ወደ መነጽሩ አነሣ፤ ተመልካቹም ጮኾ አስቆመው። እጁ ከፊቱ በአንድ ስንዝር ርቀት ላይ እንደቆመ፣ ጓደኛቸውም እጁን ማንሣቱን እስከዚያች ቅጽበት ድረስ እንዳላወቀ ጻፉ። መልሳቸውን የዘጉት በዚያ ወረርሽኝ የደረሰውን በማስታወስ ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ሪፖርት መሠረት ከጥር 2014 እስከ መጋቢት 2015 እ.ኤ.አ. ድረስ በጊኒ፣ በላይቤሪያና በሴራሊዮን 815 የጤና ሠራተኞች በበሽታው መያዛቸው ተረጋግጧል ወይም ሳይያዙ እንዳልቀሩ ታምኗል፤ ከእነርሱም ከግማሽ የሚበልጡት ነርሶችና የነርስ ረዳቶች ነበሩ።

መልስ 4

እዚህ ላይ የውይይቱ ድምፅ ተለወጠ። የመልስ 4 ጸሐፊ፣ እሳቸውም ነርስ ናቸው፣ እስካሁን የተባለው ሁሉ ሰው ለተረፈው ተቋም የሚመች ምክር እንደሆነ በምሬት ጻፉ። በሌሊት ፈረቃ ለአንድ ሙሉ ክፍል ብቻቸውን ሲመደቡ የሚመለከታቸው ማን እንደሆነ ጠየቁ። ጓንት እንኳ ተቆጥሮ በሚሰጥበት ቦታ ስለ ተመልካች ማውራት ሠራተኛውን መናቅ ነው ብለውም ደመደሙ። ምሬታቸው ከእውነት የመጣ መሆኑን አልተጠራጠርኩም፤ በመጋቢት 2020 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት የመከላከያ ቁሳቁስ ምርት በ40 በመቶ እንዲያድግ አምራቾችን መጠየቁ የእጥረቱን ስፋት ይመሰክራል። ሆኖም ጥያቄያቸው መልስ ሳያገኝ ብዙ ተራ ቁጥሮች አለፉ፤ ይህም አሳዘነኝ።

መልስ 5

ቀጣዩ መላሽ ለመልስ 4 በቁጣ ሳይሆን በታሪክ ምላሽ ሰጡ። ቁሳቁስ መትረፍረፉ ብቻውን ሠራተኛን እንዳላዳነ ለማሳየት፣ በጥቅምት 2014 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ዳላስ ከተማ አንድ የኢቦላ ታማሚን ሲያስታምሙ የተያዙትን ሁለት ነርሶች ጠቀሱ። ከዚያ በኋላ በዚያው ወር የአገሪቱ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማእከል መመሪያውን አጥብቆ፣ ሠራተኛው ደጋግሞ ተለማምዶ ብቃቱን እንዲያሳይ፣ ምንም የቆዳ ክፍል ተጋልጦ እንዳይቀር፣ በሚለብስበትና በሚያወልቅበት ጊዜም የሠለጠነ ተመልካች እንዲኖር መክሯል። በዚያው ሰሞን ማድሪድ ውስጥ አንዲት የነርስ ረዳት በበሽታው ስትያዝ፣ በማውለቅ ላይ ሳለች ጓንቷ ፊቷን ነክቶ ሊሆን እንደሚችል መነገሩንም አስታወሱ።

መልስ 6

አጭር መልስ ነበር። ጸሐፊዋ የጽዳት ሠራተኛ መሆናቸውን ገልጸው፣ ከላይ ባሉት አምስት መልሶች ሁሉ ስለ ነርስና ስለ ሐኪም ብቻ እንደተወራ፣ የተበከለውን ጋውንና ጓንት ሰብስቦ የሚያስወግደው፣ ትውከቱንም የሚጠርገው ግን የጽዳት ሠራተኛው እንደሆነ ጻፉ። ልብስ ተሰጥቷቸው ያውቃል፤ ማውለቅ ግን ማንም አስተምሯቸው አያውቅም። ቫይረሱ የማዕረግ ልዩነት አያደርግምና ሥልጠናውም ሊያደርግ አይገባም። ይህን መልስ ያላነበበ ሰው የቀረውን ውይይት ባያነብም ግድ የለኝም።

መልስ 7

ሰባተኛው መላሽ ችግሩ ሁሉ ልብስ በመጨመር ይፈታል ባይ ናቸው። እሳቸው ሦስት ጓንት እንደሚደርቡ፣ የጓንቱንና የእጅጌውን መጋጠሚያም በማጣበቂያ ፕላስተር እንደሚያሽጉት፣ በዚህ ምክንያት ተመልካች እንደማያስፈልጋቸው በልበ ሙሉነት ጻፉ።

መልስ 8

የዚህ መልስ ጸሐፊ ለረጅም ዓመታት ሲያሠለጥኑ የቆዩ ባለሙያ ሲሆኑ፣ የመልስ 7ን ሐሳብ አንድ በአንድ አፈረሱት። ፕላስተሩ ሲላጥ ጓንቱን ወይም እጅጌውን ይቀዳል፤ ላለመቅደድ የሚደረገው ትግልም የተበከለውን ገጽ ያርገፈግፈዋል። የጋውኑ እጅጌ ከጓንቱ ሥር እንዳይንሸራተት በአውራ ጣት የሚያዝ ማንጠልጠያ ያለውን ጋውን መምረጥና የላይኛውን ጓንት በእጅጌው ላይ ስቦ መልበስ ይሻላል። ሦስተኛ ጓንት የጣትን ስሜት ያደነዝዛል፤ መርፌ የሚይዝ ሰው ስሜቱ ከደነዘዘ ደግሞ የሚፈራው የመወጋት አደጋ ይጨምራል። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝን ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ግምገማም ብዙ የሰውነት ክፍል የሚሸፍን ልብስ የተሻለ ጥበቃ ሊሰጥ ቢችልም ለማውለቅ አስቸጋሪና ለለባሹ የማይመች ሊሆን እንደሚችል፣ ጓንትና ጋውንን በአንድ ጊዜ አብሮ ማውለቅና በማውለቅ ጊዜ በቃል የሚሰጥ መመሪያ ግን ብክለትን ወይም ስሕተትን ሊቀንሱ እንደሚችሉ አመልክቷል። ማስረጃው ጠንካራ እንዳልሆነ ግምገማው ራሱ መናገሩን መላሹ አልደበቁም፤ በዚህም አከበርኳቸው።

ከዚያም ልብሱ የሚመረጠው በበሽታው መተላለፊያ መንገድ እንጂ በፍርሃት መጠን አለመሆኑን አብራሩ። በንክኪ ለሚተላለፍ በሽታ ጓንትና ጋውን፣ በነጠብጣብ ለሚተላለፍ የሕክምና ማስክና የዓይን መከላከያ፣ እንደ ሳንባ ነቀርሳና ኩፍኝ በአየር ለሚተላለፍ ደግሞ ፊት ላይ የሚገጥም እንደ ኤን-95 ያለ ማጣሪያ ማስክ ያስፈልጋል። ለኢቦላ ሲሆን አፍ፣ አፍንጫና ዓይን ሙሉ በሙሉ መሸፈን አለባቸው። ያለ ምክንያት የተደረበ ሁሉ በመጨረሻ መውለቅ ያለበት ተጨማሪ የተበከለ ዕቃ ነው።

መልስ 9

ዘጠነኛዋ መላሽ ስለ ማውለቅ ቅደም ተከተል ጠየቁ፤ አንዱ አሠልጣኝ መጀመሪያ ጓንት፣ ቀጥሎ መነጽር፣ ከዚያ ጋውን ሲላቸው፣ ሌላው ደግሞ ጋውንና ጓንትን በአንድነት አውልቀው ወደ መነጽሩ እንዲሄዱ እንደነገራቸውና ትክክለኛው የቱ እንደሆነ ግራ እንደገባቸው ጻፉ። የመልስ 8 ጸሐፊ ሁለቱም ተቀባይነት ያላቸው መንገዶች መሆናቸውን በዚያው ሥር አስረዱ። በሁለቱም ማስኩ የሚወልቀው በመጨረሻ ነው፤ ኤን-95 ከሆነም ከታማሚው ክፍል ወጥቶ በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው። በሁለቱም የማስኩ የፊት ገጽ አይነካም፤ የሚያዘው ከኋላ በማሰሪያው ነው። በሁለቱም መጨረሻው እጅን ማጽዳት ነው፤ በአልኮል ሲሆን ከ20 እስከ 30 ሴኮንድ፣ በውኃና በሳሙና ሲሆን ከ40 እስከ 60 ሴኮንድ። አደገኛው ነገር ቅይጥ ነው፤ አንድ ተቋም አንዱን መርጦ ሁሉንም በእርሱ ካላሠለጠነ ተመልካቹና አውላቂው የተለያየ ቅደም ተከተል በአእምሯቸው ይዘው ይገናኛሉ።

መልስ 10

የመልስ 7 ጸሐፊ ተመልሰው መጡ፤ በዚህ ጊዜ በቁጣ። ዓመታት ሙሉ በራሳቸው መንገድ ሠርተው አንድም ቀን እንዳልታመሙ፣ ከመጽሐፍ የተማሩ ሰዎች ሊያርሟቸው እንደማይገባ ጻፉ። አለመታመማቸው ደስ የሚያሰኝ ቢሆንም ትክክል ለመሆናቸው ማስረጃ እንዳልሆነ፣ ከላይ በተጠቀሰው ጥናት ቅባቱ የነካቸው ሠራተኞችም ብርሃኑ እስኪበራባቸው ድረስ ንጹሕ መስለው እንደሚታዩ ጻፍኩላቸው። በዚያው ጥናት አወላለቁ በተሳሳተባቸው ሙከራዎች ብክለቱ 70 በመቶ ያህል ሲደርስ በትክክል በተወለቀባቸው 30 በመቶ ሆኗል፤ በትክክል ያወለቁት እንኳ ከብክለት ነጻ አልሆኑም ማለት ነው። መልስ አልሰጡኝም።

መልስ 11፣ 12 እና 13

ውይይቱ ከዚህ በኋላ ወደ ማስክ፣ ከማስክም ወደ ጢም ዞረ። የመልስ 11 ጸሐፊ ኤን-95 ማስክ በጣም አስቸጋሪ መጠን ካላቸው 0.3 ማይክሮሜትር ብናኞች ቢያንስ 95 በመቶውን እንዲያጣራ ተደርጎ የተሠራ ቢሆንም፣ ይህ የሚጠቅመው አየሩ በጨርቁ ውስጥ ካለፈ ብቻ እንደሆነ፣ በጠርዙ የሚሾልክ አየር ግን ሳይጣራ እንደሚገባ ጻፉ። ስለዚህ ማስኩ ለፊቱ የሚስማማ መሆኑ አስቀድሞ ይፈተናል፤ ለባሹም በለበሰው ቁጥር አየር ስቦና ተንፍሶ መግጠሙን ያረጋግጣል። ጢም ያለው ሰው በማስኩ ጠርዝ ሥር ፀጉር እስካለው ድረስ ማስኩ አይገጥምለትም። የመልስ 12 ጸሐፊ ይህን እንደ ስድብ ቆጥረው ጢማቸውን በሃይማኖታቸው ምክንያት እንደማይላጩ በኃይለ ቃል መለሱ። የመልስ 13 ጸሐፊ ሁለቱንም አበረዱ፤ ፊት ላይ መግጠም የማያስፈልገው፣ አየርን በባትሪ እየሳበና እያጣራ ወደ ራስ መሸፈኛው የሚያስገባ መሣሪያ እንዳለ፣ እርሱ ከሌለ ደግሞ ያ ሠራተኛ በአየር የሚተላለፍ በሽታ ወዳለበት ክፍል እንዳይመደብ ማድረግ እንደሚቻል ገለጹ። ሰውን ሳያዋርዱ ሥራውን ማስተካከል ይቻላል።

መልስ 14 እና 15

አንድ መላሽ ይህ ሁሉ ድካም ለምን እንደሆነ፣ የሚወጣውን ሠራተኛ ከራስ እስከ እግር ክሎሪን መርጨት አይበቃም ወይ ብለው ጠየቁ። የመልስ 3 ጸሐፊ ተመልሰው፣ በዚያን ጊዜ በብዙ ማእከላት 0.5 በመቶ ክሎሪን ይረጭ እንደነበር ካመኑ በኋላ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ስለ ኢቦላና እርሱን ስለሚመስለው የማርበርግ በሽታ ባወጣው መመሪያ ሠራተኛው በሚያወልቅበት ጊዜ እንዳይረጭ መምከሩን ጻፉ። ርጭቱ ዓይንንና የመተንፈሻ አካልን ያቃጥላል፤ ከሁሉ የከፋው ግን የተረጨው ሰው ንጹሕ እንደሆነ አምኖ በችኮላ ማውለቁ እንደሆነ ከራሳቸው ትዝብት ጨመሩ።

መልስ 16

ይህ ከርዕሱ ራቅ ያለ ቢሆንም አላለፍኩትም። ጸሐፊዋ ታማሚው የሚያየው ፊት የሌለው ሰው እንደሆነ አስታውሰው፣ በ2015 እ.ኤ.አ. በላይቤሪያ አንዲት አሜሪካዊት አርቲስት የሠራተኞችን ፈገግ ያለ ፎቶግራፍ በልብሳቸው ደረት ላይ የመለጠፍ ሥራ እንደጀመረች ነገሩን። ፎቶግራፉ ከልብሱ ጋር አብሮ ስለሚወገድ ለማውለቁ እንቅፋት አይሆንም።

መልስ 17

የመልስ 4ን ጥያቄ በመጨረሻ ያነሡት እኚህ መላሽ ናቸው። ተመልካቹ የግድ ነርስ ወይም ሐኪም መሆን እንደማያስፈልገው፣ የሚያስፈልገው ቅደም ተከተሉን ጠንቅቆ ማወቅ፣ ዓይኑን ከአውላቂው አለመንቀልና መናገር አለመፍራት ብቻ እንደሆነ ጻፉ። ስለዚህ የመልስ 6 ጸሐፊን የመሰሉ የጽዳት ሠራተኞች፣ እንዲሁም የካርድ ክፍልና የጥበቃ ሠራተኞች ሠልጥነው በየፈረቃው ሊመደቡ ይችላሉ። በእሳቸው ተቋም ይህ ተሞክሮ ሠርቷል፤ ተመልካች ሆነው የሠለጠኑት የጽዳት ሠራተኞች ራሳቸው ሲያወልቁ የሚሠሩት ስሕተት መቀነሱም ተስተውሏል።

መልስ 18

አንድ ከፍተኛ ሐኪም ሐሳቡን በጽኑ ተቃወሙ። የሕክምና ትምህርት የሌለው ሰው በሥራ መሐል ሊያስቆማቸው እንደማይገባ፣ ይህ የሥራ ሥርዓትን እንደሚያፈርስ ጻፉ። በርካታ አባላት ከባድ ቃል ሰነዘሩባቸው፤ አንዳንዱ ቃል ከሚገባው በላይ ነበርና እንዲለሰልስ ጠየቅሁ። በፍሬ ነገሩ ግን ከተቃዋሚዎቻቸው ጋር ነኝ። በ2003 እ.ኤ.አ. በተዛመተው፣ ሳርስ በተባለው የመተንፈሻ አካል በሽታ ከተመዘገቡት 8,096 ታማሚዎች ውስጥ 1,706ቱ የጤና ሠራተኞች ነበሩ፤ በእነዚህ ውስጥ ከፍተኛ ሐኪሞችም አሉ። ማዕረጉ ያስፈራው ተመልካች ስሕተቱን አይቶ ዝም ካለ እዚያ መቆሙ ለማንም አይጠቅምም።

መልስ 19

የመልስ 6 ጸሐፊ ለሐኪሙ በቀጥታና በአክብሮት መለሱላቸው። ሐኪሙን ማስቆም የሚፈልጉት ለማዘዝ ሳይሆን የሐኪሙን የተበከለ ጋውን ነገ የሚያነሡት እሳቸው ራሳቸው ስለሆኑ ጭምር እንደሆነ ጻፉ። ሐኪሙ ከብዙ ሰዓት በኋላ ተመልካቹ ሠልጥኖና ፈተና አልፎ ከሆነ እንደማይቃወሙ መለሱ። ይህ ቅድመ ሁኔታ ትክክል ነው፤ ያልሠለጠነ ተመልካች የተሳሳተ እርምጃ በልበ ሙሉነት ሊጠራ ይችላል።

መልስ 20

የመልስ 4 ጸሐፊም ተመለሱ። የመልስ 17 ሐሳብ ለቀኑ ፈረቃ እንደሚሠራ ተቀብለው፣ በሌሊት ግን በክፍላቸው ሌላ ሰው ጨርሶ እንደሌለ ደገሙ። መላሾች ከራስ እስከ እግር የሚያሳይ መስተዋት በማውለቂያው ክፍል ማቆምን፣ በመስኮት በኩል ከአጎራባች ክፍል ሰው መጥራትን፣ ሰው እስኪመጣም ሳያወልቁ መጠበቅን ጠቆሟቸው። መስተዋቱ መልካም ነው፤ የተቀደደን ጓንትና የተጋለጠን ቆዳ ያሳያል፤ ነገር ግን አያስቆምም። መጠበቅም በሙቀት ለተዳከመ ሰው የሚመከር አይደለም። ለሌሊቱ ያለው መልስ ሁለተኛ ሰው መመደብ ብቻ እንደሆነ፣ ይህም የነርሷ ሳይሆን የተቋሙ አስተዳደር ግዴታ እንደሆነ በግልጽ ጻፍኩላቸው። ጥያቄውን ለአስተዳደሩ በጽሑፍ ለማቅረብ እንዳሰቡ ነግረውኝ፣ ለሥራ ክፍሌ ያዘጋጀሁትን የመመሪያ ረቂቅ እንድልክላቸው ጠየቁ።

ረቂቁን በዚሁ ሥር አያይዤዋለሁ። አራት አንቀጾች አሉት፦ ማንም ሰው ያለ ተመልካች አያወልቅም፤ ተመልካቹ በየፈረቃው የሥራ ድልድል ላይ በስሙ ይመዘገባል፤ ተመልካቹ ሲያስቆም አውላቂው ማዕረጉ ምንም ይሁን እጁን ከሰውነቱ አርቆ ይቆማል፤ ለማስቆሙም ተመልካቹ አይጠየቅበትም። የመልስ 8 ጸሐፊ አምስተኛ አንቀጽ እንዲጨመር ሐሳብ አቅርበዋል፤ ይኸውም እያንዳንዱ ሠራተኛ፣ የጽዳት ሠራተኛውን ጨምሮ፣ ወደ ታማሚ ክፍል ከመግባቱ በፊት በሚያበራው ቅባት ተፈትኖ ማለፍ እንዳለበት የሚደነግግ ነው። ጨምሬዋለሁ።